ከግራጫው እስከ መስታወቱ

ሬሳውን ያገኘው መጥረጊያውን ሊያነሳ የወረደ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

መሃል ከተማው ላይ ሁለት ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። አሮጌው ቀለም ነክቶት ስለማያውቅ ሰዉ «ግራጫው» ይለዋል። አዲሱ ከእግሩ እስከ አናቱ መስታወት ስለለበሰ «መስታወቱ» ተባለ። በመካከላቸው መኪና የማያባራበት ሰፊ መንገድ ስላለ እግረኛ የሚሻገረው ከሥር በተቆፈረ መተላለፊያ ነው፤ በአንዱ ደረጃ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል፣ ደረሰ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ወሬ ቢጀምሩ ወሬው ሳይሞቅ መንገዱ ያልቃል።

በግራጫው በኩል መውረጃው ሁለት ነበር። አንደኛውን ለጥገና ብለው በቆርቆሮ ካጠሩት ከራርሟል፤ ጥገናው አልተጀመረም፣ ቆርቆሮው ግን ዝጎ ጫፉ ተገልብጧል። የጽዳት ሠራተኛው ዕቃውን የሚያስቀምጠው ከዚያ ጀርባ ነው። የዚያን ቀን የምሳ ሰዓቱ ዶፍ እንዳባራ ሲገባ ደረጃው ላይ አንድ የሴት ጫማ ብቻውን ተቀምጦ አየ። ማን ጥሎት ሄደ ብሎ ቁልቁል ሲመለከት ሴትየዋን አያት።

ጉዳዩ የተሰጠው ኢንስፔክተር ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «መርፌው» ይሉታል፣ ለቁመናውም ለጥያቄውም። ከጎኑ የማትለየው ሳጅን ደግሞ ድንቡሽ ያለች፣ አፏ የማያርፍ፣ ዓይኗም ከአፏ የማያንስ ሴት ናት። ሲደርሱ ሐኪሙ ምርመራውን እየጨረሰ ነበር። ሴትየዋ ከላይ ተንከባልላ ጭንቅላቷን የደረጃው ጠርዝ መቷታል። የካፖርቷ የግራ እጅጌ ብብቷ ሥር ተተርትሯል፤ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ እሷ ስትመነጭቅ የሆነ ይመስላል። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወዲያው አልሞተችም፣ ሰው ደርሶላት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትተርፍ ነበር አለ። ይህን ለቤተሰቦቿ ባትነግሯቸው ይሻላል ብሎም ጨመረ።

ቦርሳዋ አልተነካም። ስልኳም ቀለበቷም አሉ። ሌባ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ።

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ ካፖርቱን ዳሰሰችና «አለቃ፣ ይህን ይንኩት» አለች።

የቀኙ ትከሻ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። የግራው ደረቅ ነው። ሴትየዋ የተኛችው በግራ ጎኗ ነው፣ ወለሉም ደረቅ ነው፣ ደረጃው ጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ውሃው ከወደቀች በኋላ የመጣ አይደለም። ኢንስፔክተሩ ትንሽ አሰበና ነፋስ ዝናቡን ከአንድ ወገን ሲገፋው እንዲህ ያደርጋል አለ። ሳጅኗ ግን ሁለቱን ትከሻዎች እንደገና ዳሰሰች።

*

ሟቿ የምትሠራው ግራጫው ላይ ካለ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ነው። እሳት የበላቸውን ቤቶች እያየች ጉዳቱን የምትገምት ባለሙያ ነበረች። ስትራመድ ስለምትፈጥን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ነፋሷ» ይሏታል። ኢንስፔክተሩ ካነጋገራቸው ሁሉ ስለ እሷ ክፉ የሚናገር ጠፋ፤ ደግሞም ሰው የሞተ ዕለት ክፉ አይነገርም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቃት ማን ነው ሲል ሁሉም ጣታቸውን ወደ አንድ ጠረጴዛ ቀሰሩ። ከነፋሷ ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት የገጠመ ነው፤ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ፀጉሯ ግን አንድም አልተዛነፈም። አብሮ አደጓ ናት። በአንድ ሰፈር አድገው፣ በአንድ ወንበር ተምረው፣ አንዷ ሌላዋን ሥራ አስገብታ እዚህ ደረሱ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። የዚያን ቀን ዝናቡ ስለበረታ እንዳልወጣች፣ ምሳዋንም ጠረጴዛዋ ላይ እንደበላች ነገረችው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ በምሳ ሰዓት ሁሉም ይበተናል።

ኢንስፔክተሩ የነፋሷ ጃንጥላ ከጠረጴዛዋ ጎን መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ደረቅ ነው። ጓደኛዋ ዓይኑን ተከትላ፣ ሁሌም እንደምትረሳው ነገረችው።

ጠላት ነበራት ወይ ብሎ ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች። ጠላት እንኳ የላትም አለች፣ ግን አንድ ሰውዬ አለ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየምሳው መስታወቱ ላይ ካለው ምግብ ቤት ይገናኛሉ። ረጅም፣ እጁ እንደ አካፋ የሆነ፣ ቱታ የሚለብስ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ብትጠይቃትም «ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ» ብቻ ብላታለች።

«ለስንት ዓመት ምንም ተደባብቀን አናውቅም። እሱ ከመጣ ወዲያ ሰው መሆኔንም የረሳችው መሰለኝ» አለች ጓደኛዋ። ከዚያ ፈጠን ብላ «ለባሏ ነው የማዝነው» ስትል አከለችበት።

ኢንስፔክተሩ ይህን ሲሰማ ልቡ የተንጠለጠለው ባል በምትለው ቃል ላይ ነበር።

*

ባልየው የጥርስ ሐኪም ነው፤ አጠር ያለ፣ ጣቶቹ የሚያማምሩ ሰው። የዚያን ቀን የሕክምና ዕቃ ሊገዛ ከከተማ ወጥቶ እንደዋለ ተናገረ። ሳጅኗ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ነርሷን ስታነጋግር ግን ሐኪሙ በሽተኞቹን ከምሳ በፊት አሰናብቶ በሩን ቆልፎ መውጣቱን፣ ዕቃ ሻጩም በዚያ ቀን እንዳላየው አረጋገጠች። ከዚያ የመስታወቱን ካሜራዎች አስከፍተው አዩ። ባልየው ምድር ቤቱ ላይ ይታያል። ከአናቱ እስከ ጫማው በስብሷል፤ እንደ ሌባ ከአንድ ዓምድ ጀርባ ተለጥፎ ወደ ሊፍቶቹ ያያል። ቆይቶ ከካሜራው ዓይን ይወጣል። የት እንደሄደ አይታወቅም።

ያዙት።

ሁለተኛ ሲጠየቅ መዋሸቱን አመነ። ሚስቱ ከጥቂት ወራት ወዲህ ተለውጣለች አለ። ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች። ስልኳ ሲጮኽ በረንዳ ትወጣለች። አንድ ቀን ከሥራ ሊወስዳት ሄዶ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር እየሳቀች ስትወጣ አየ፤ አንድ ዓይነት አሳሳቅ፣ ለእሱ ከሳቀችለት የቆየ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ላይ ልቡ አልነበረም። የሞተችበት ቀን ሁለቱን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ነው መስታወቱ ድረስ በዝናብ የሮጠው። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አልመጣችም። እግሩ ሲዝል ዕቅዱ ሁሉ አሳፈረውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ኢንስፔክተሩ ከፊቱ ተቀምጦ ሲያዳምጠው የባልየውን ዓይን ማየት ከበደው። ይህን ዓይን ያውቀዋል። የገዛ ሚስቱ አዲስ ሥራ ከጀመረች ወዲህ አንድ ባልደረባዋ በነጭ መኪና እስከ ቤት ያደርሳታል። ኢንስፔክተሩ አንድም ነገር ጠይቋት አያውቅም፤ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ የመኪናዋን ታርጋ በቃሉ ይዟል እንጂ። ቅናት ሰውን ምን እንደሚያሳስበው ስለሚያውቅ ባልየውን ጠረጠረው፤ አብዝቶ ጠረጠረው። እስከ ማግስቱም ሲያፋጥጠው ዋለ። የት ጠበቅሃት? ቆርቆሮው ጋ እንዴት ወሰድካት? ባልየው ቆርቆሮ የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። ኢንስፔክተሩ ይደግማል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከጥያቄው ክፍል ሲወጣ ሳጅኗ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«አለቃ፣ እኔ ልድፈር» አለች። «ይህን ሰውዬ የሚጠይቁት እንደ ፖሊስ አይመስለኝም።»

«እንደ ምን ታዲያ?»

«እንደ ባል።»

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ሳጅኗም እንዳልተናገረች ሆና ነገሩን ቀየረች። ባልየው ካሜራው ላይ ሲታይ ሙሉ በሙሉ በስብሷል፣ ጃንጥላ አልያዘም አለች። ጃንጥላ የሌለው ሰው ሴትን አንድ ትከሻዋን አስጠልሎ ሊያመጣት አይችልም። ረጅሙን ሰውዬ እንፈልገው።

*

ረጅሙ ሰውዬ ለመገኘት አላስቸገረም። የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሁለቱም ፎቆች ውስጥ ይሠራል፣ የጥበቃ ሠራተኞቹም በሙሉ ያውቁታል። የሞተችበት ቀን ግን ፈቃድ ወስዶ ነበር። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ በደንብ አስታወሰው፤ በቱታ የሚያውቀው ሰው በሙሉ ልብስ ሲመጣበት መጀመሪያ ሙሽራ መስሎት ነበርና። ዝናቡ ሳይጀምር ገብቶ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ ከረባቱ አንቆት በየጊዜው እየጎተተው፣ ዝናቡ አባርቶ ምሳ በይዎቹ ተበትነው እስኪያልቁ ከወንበሩ አልተነሳም። የምግብ ቤቱ ካሜራም አስተናጋጁን አላሳፈረውም። ሰውየው ከላይ ሆኖ በሩን በሩን ሲያይ ሴትየዋ ከታች እየሞተች ነበር።

ስለዚህ ኢንስፔክተሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ምንህ ናት?

ሰውየው ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንድ ቀን ግራጫው ላይ ሊፍት ቆሞ ሰዎች ውስጡ ቀርተው እንደነበር ተናገረ። በሩን ፈልቅቆ ሲያወጣቸው የመጨረሻዋ እሷ ነበረች፤ እንደሌሎቹ አልተቆጣችም፣ «እጅህ ይባረክ» ብላው ሳቀች። የደረቷ መታወቂያ ፊቱ ላይ ነበር።

«የእሷን ስም አይደለም ያነበብኩት» አለ። «የአባቷንና የአያቷን ነው። የእኔም አባትና አያት ናቸው።»

አባቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እናቱ ያወረሰችው ስሙን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ምንም ሳይናገር ሄደ፤ ቆይቶ አላስችል ሲለው ተመልሶ መጣና ነገራት። ነፋሷ ብዙ አላመነታችም። «አንዲት ብቻዋን ያደገች ሴት ወንድም ብታገኝ ምን ልታደርግ ትችላለች?» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ በየምሳው ትመጣለች። ለሰው ያልተናገሩት ለእናቷ ሲሉ ነው። አባትየው ከጋብቻ ውጭ ልጅ እንዳለው እናቷ አያውቁም ብላ ታስብ ነበር፤ በእርጅናቸው እንዳይጎዱ፣ የምትነግርበትን መንገድ ቀስ ብላ ልትፈልግ አሰበች።

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ባልየው ለምን እንደተቃጠለ አሰበ፤ ስለ ነጩ መኪናም አሰበ።

*

በማግስቱ ጠዋት ያልተጠበቀ ዶፍ ወረደ። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ግራጫው መግቢያ ላይ የመድን ድርጅቱን ኃላፊ ይጠብቁ ነበር። ሠራተኞች እየሮጡ ይገባሉ። ከእነሱ መካከል የነፋሷ አብሮ አደግ አለች፤ ያ የማይዛነፍ ፀጉሯ በፌስታል ተሸፍኖ፣ ውሃው ከጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ከጥበቃዎቹ አንዱ እየቀለደ፣ ጃንጥላ የጎደለብሽ ቀን ገና ዛሬ ነው አላት። እሷ አልሳቀችም። ለኢንስፔክተሩ ሰላምታ ሰጥታ አለፈች።

ኃላፊው ሊዘገይ ስለሆነ ኢንስፔክተሩ መንገዱን እንደገና ልየው አለ። ሳጅኗ ትንሽዬ ጃንጥላዋን ዘረጋች። እሱ ረጅም፣ እሷ አጭር፤ አልገጠሙም። በመጨረሻ ሳጅኗ «አያፍሩ፣ እኔ ባለ ትዳር ነኝ» ብላ ክንዱን በክንዷ ቆልፋ ጎተተችው። ጃንጥላውን ይዛ በግራው በኩል ሄደች። ሰው የሚርመሰመስበት ክፍቱ ደረጃ ራቅ ይላል። የሠፈሩን ነገር የሚያውቁት ግን የተገለበጠውን ቆርቆሮ ገፋ አድርገው በአቋራጭ ሹልክ ይላሉ፤ ዓይናቸው እያየ አንዲት ሴት ሹልክ አለች። እነሱም ተከተሏት።

ከታች ሲደርሱ ሳጅኗ ጃንጥላዋን አጠፈችና ኢንስፔክተሩን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አለቃ» አለች፤ «ትከሻዎን ይንኩ።»

ቀኙ በስብሷል። ግራው ደረቅ ነው።

ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም። ሴትየዋ ወደዚህ የመጣችው ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ግራ ክንዷ በዚያ ሰው ክንድ ተቆልፎ ነው። የተተረተረውም የግራው እጅጌ ነው። ባሏ ጃንጥላ አልያዘም፤ ይህን አቋራጭም አያውቀውም። ወንድሟ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። ከባዕድ ሰው ጋር ክንድ ተቆላልፎ በቆርቆሮ ጀርባ የሚሾልክ ሴት የለም። መንገዱን ለረጅም ጊዜ አብራት የሄደ ሰው ነው፤ ቆርቆሮውን የትኛው ጫፍ ላይ ቢገፉት እንደሚከፈት የሚያውቅ።

ተመልሰው የግራጫውን ጥበቃ ጠየቁት። ሰውየው ነፋሷና አብሮ አደጓ በየምሳው ወደ መስታወቱ የሚሄዱት አብረው እንደነበር አስታወሰ፤ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፣ አንዷ ያላንዷ አትራመድም ነበር አለ። በኋላ ግን ነፋሷ ብቻዋን መውጣት ጀመረች። ጓደኛዋ አንዳንዴ እዚህ በሩ ላይ ቆማ እስክትርቅ ታያት ነበር። የዚያን ቀንስ? የዚያን ቀን በሩ ላይ ጃንጥላ በጃንጥላ ነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደወጣ አላየሁም አለ።

*

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አብሮ አደጓ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ነበር። ኢንስፔክተሩ የነፋሷን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ ክፉኛ ደነገጠች፤ ወንበሩ ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልተቀመጠም።

ስለ ድሮው ጠየቃት። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሠፈር፣ አብረው ሲሄዱ ስለሚያወሩት። ፊቷ እየበራ ሄደ። ነፋሷ በልጅነቷም እንዲሁ ፈጣን እንደነበረች፣ እሷ ከኋላ እየሮጠች «ቆይ፣ ቆይ» ስትል እንዳደገች አወራችው። የምሳው መንገድ ግን ልዩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው፤ ማታ ነፋሷ ባል አላት፣ እናት አሏት። ያቺ አጭር መንገድ ብቻ የሁለቱ ናት። መኪናው ከላይ ሲያገሳ ከታች የሚስቁት ሳቅ መተላለፊያው ውስጥ ያስተጋባ ነበር።

«ሲዘንብስ?» አለ ኢንስፔክተሩ እንደ ዋዛ። «ጃንጥላውን የሚይዘው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እሷ መያዝ አትወድም፣ ስትሄድ እጇን ስለምታወናጭፍ …»

የጀመረችውን አልጨረሰችም። ፎጣው እጇ ላይ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ በትሕትና ጃንጥላዋን እንድታሳየው ጠየቃት። ቤት ረስቼዋለሁ አለች። ሳጅኗ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የታችኛውን መሳቢያ አየች፤ ጥቁር እጀታ በስንጥቁ ብቅ ብሏል። ሲከፍቱት የሻጋታ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጃንጥላው ረጥቦ እንደተጣጠፈ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተዘረጋም። ዛሬ ያ ሁሉ ዶፍ ሲወርድ በፌስታል የመጣችው ይህን ላለመዘርጋት ነው። ዝናቡን ፈርቼ ከክፍሌ አልወጣሁም ላለች ሴት ደግሞ ጃንጥላዋ የሚረጥብበት ምክንያት የለም።

አብሮ አደጓ ጃንጥላውን አየችው እንጂ አልነካችውም። አላለቀሰችም። ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ቀን ረጋ ያለ ነበር።

የዚያን ቀን ዝናቡ ሲጀምር ነፋሷ እንደ ልማዷ ጃንጥላዋን ትታ ስትወጣ ተከትላት ወጣች። ነፋሷም በደስታ ክንዷን ሰጠቻት። እንደ ድሮው ሆኑ፣ ለትንሽ ጊዜ። ቆርቆሮውን ገፍተው ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ነፋሷ ቆመች። ከዚህ ብቻዬን ልሂድ፣ የዛሬውን ተይልኝ፣ ዛሬ ትልቅ ቀኔ ነው አለቻት። አብሮ አደጓ አልለቅም አለች። ክንዷን ይዛ ማን እንደሆነ ንገሪኝ አለቻት። ነፋሷ ሳቀች፤ በክፋት አይደለም፣ ደስታዋ ከውስጥ ስለሞላ። ልጅ አትሁኚ ብላ ክንዷን መነጨቀች።

«ስታገባ አልቀናሁም» አለች አብሮ አደጓ። «ባል ባል ነው። እኔ ነኝ ቀሚሷን የመረጥኩላት። ያቺ መንገድ ግን የእኔ ነበረች። እሷንም ለሌላ ሰው ሰጠችብኝ። ገፋኋት።»

«ከዚያስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሴትየዋ ፎጣውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠራችኝ» አለች። «በስሜ ጠራችኝ። እወርዳለሁ ብዬ አንድ እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ሰውየው ይምጣላት፣ እሱ ይድረስላት አልኩ በልቤ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ተመለስኩ።»

ሳጅኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሊወስዷት ሲያስነሷት አብሮ አደጓ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ሰውየው ማን ነበር?

ኢንስፔክተሩ ላለመንገር አስቦ ነበር። ግን መጠየቋ አይቀርም፣ ከሌላ ሰው አፍም ትሰማዋለች። «ወንድሟ ነው» አላት። «የአባቷ ልጅ።»

ሴትየዋ የነፋሷን ጠረጴዛ ተደገፈች። ሳጅኗ ደግፋ መልሳ አስቀመጠቻት፤ የተቀመጠችው በነፋሷ ወንበር ላይ ነበር።

*

ባልየው በዚያው ከሰዓት ተፈታ። ኢንስፔክተሩ ይቅርታ ጠየቀው፤ ባልየው የሰማው አይመስልም። የሊፍት ጠጋኙም ተጠርቶ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባልየው ሲያየው ቡጢውን ጨበጠ። ከመያዙ በፊት ሰው ሊያስተዛዝን ወደ ቤታቸው ሲጎርፍ ይህ ሰውዬ ከበሩ ውጭ ዳር ይዞ ቆሞ አይቶታል፤ ያኔም ሊደበድበው ተነስቶ ዘመድ ነው የያዘው። ኢንስፔክተሩ በመካከላቸው ገብቶ ነገሩን ሁሉ ባጭሩ ነገረው። ማን እንደገደላት። ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነ።

ባልየው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ። የሚጠይቀው ኢንስፔክተሩን አልነበረም።

የሊፍት ጠጋኙ ከእሱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ልትነግርህ ነበር አለው። ከሁሉም በፊት ላንተ፣ ከዚያ አንተ መላ ፈልገህ ለእናቷ። የዚያን ቀን ያስያዙት ወንበር ሦስት ነበር። እሱም ሙሉ ልብስ የለበሰው አማቹን ሊተዋወቅ ነው። አስተናጋጁ ሦስተኛው ሰው ማን ነው ሲለው አፍሮ ከረባቱን ጎተተ።

ባልየው ፊቱን በእነዚያ ቆንጆ እጆቹ ሸፈነ። ከጣቶቹ ሥር ድምፁ እየተቆራረጠ ወጣ።

«ጠዋት ጠይቃኝ ነበር። ዛሬ ምሳ አብረን እንብላ፣ ከክሊኒክ መጥተህ ውሰደኝ፣ አብረን እንሻገራለን አለችኝ። ከከተማ እወጣለሁ አልኳት፤ እስከ ምሳ ለመመለስ ሞክር ብላ ለመነችኝ። የዋሸኋት ልይዛት ፈልጌ ነው።»

እሺ ብሏት ቢሆን ኖሮ ክንዷን የሚይዘው እሱ ነበር። ይህን ሦስቱም አሰቡት።

ኢንስፔክተሩ ያን ቀን ቤቱ ከገባ በኋላ ነጩ መኪና ሚስቱን ሊያወርድ ደረሰ። መጋረጃው ጀርባ አልቆመም። በሩን ከፍቶ ወጣና ሾፌሩን እጅ ነስቶ ስላደረስካት አመሰግናለሁ አለው። ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ከኋላ ወንበር ላይ የሾፌሩ ሚስት ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም ደግሞ አፈረ።

*

የነፋሷ እናት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የስፌት መኪናቸው አሁንም መስኮቱ ሥር አለ። ኢንስፔክተሩ የምርመራውን ውጤት ሊነግራቸው በሚቀጥለው ቀን ሲሄድ ባልየው አብሮት ሄደ፤ ባልየው ደግሞ ሌላ ሰው አስከትሎ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ የሊፍት ጠጋኙ ቆመ። እኔ ውጭ ልጠብቅ አለ፤ በሐዘናቸው ላይ ሌላ ሐዘን ልሆንባቸው አልፈልግም። ባልየው ክንዱን ያዘው። ያን ክንድ በስንት ሕልሙ ሊሰብረው ሲታገል ነበር፤ አሁን አልለቀው አለ።

እናትየው ማን እንደገደላት ሲነገራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያቺ ልጅ ጓዳቸው ውስጥ ነው ያደገችው፤ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፉላት እሳቸው ናቸው። «ሁለት ልጅ ነዋ የቀበርኩት» ብቻ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሲገልጡ በሩ ላይ የቆመውን ረጅም ሰው አዩት። ከእግሩ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ፤ እጆቹ ላይ ቆዩ፣ ፊቱ ላይ ደረሱ።

ባልየው ሊያስረዳቸው ጀመረ። እማዬ፣ ይህ ሰው … ማለት … እሷ ልትነግርሽ ነበር፣ ግን እንዳትጎጂ ብላ …

«ዝም በል ልጄ» አሉት። ወደ ሰውየው ዞሩ። «አባትህን ቁርጥ ነህ። እናትህ ደህና ናት?»

ሰውየው ከጥቂት ዓመት በፊት ማረፏን ነገራቸው።

«ነፍሷን ይማር» አሉ። ባልየው በግርምት ሲያያቸው ግርምቱን በእጃቸው ወደ ጎን ገፉት፤ እንደማይረባ ክር። «ምን ታየኛለህ? ልጄን አርግዤ ነው የሰማሁት። አቤት ስቀና፤ በላኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ወተቴ ሁሉ ደረቀ። አባቱም ሞተ፣ እናቱም ሞተች፣ እኔም ቀንቼ ጨረስኩ።» አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ። «ና እዚህ ተቀመጥ።»

ሰውየው ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ ጠበበው። ባልየው የሊፍቱንና የምሳዎቹን ነገር አወጋቸው።

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አንስቶ ሊወጣ ሲል እናትየው የእንግዳውን ትልቅ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«በየምሳው ታገኝህ ነበር አሉኝ» አሉት። «እኔ ዘንድ ስትመጣ ሁሌ ትቸኩላለች፤ ቁጭ ብላ አውርታኝ አታውቅም። ምን ምን ትልህ ነበር? ንገረኝ፣ አንድም ሳታስቀር።»

ሰውየው መናገር ጀመረ። ባልየውም ወንበሩን ወደ እነሱ አስጠጋ።